መዝገቡን ማን ጻፈው?

ዲፕ ለርኒንግ ስለተባለው፣ ኮምፒውተርን በብዙ ምሳሌ ስለሚያሠለጥነው ዘዴ ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ አባባል ሳይነገር አይቀርም፤ «አሁንማ ማሽኑ ራሱ ይማራል» ይባላል። ባለሥልጣኑ መድረክ ላይ ይለዋል፤ ጋዜጠኛው ይደግመዋል፤ ሶፍትዌር ሻጩ ደግሞ ዋጋ ይጨምርበታል። ቀጥሎ የሚመጣው ድምዳሜም የታወቀ ነው። ማሽኑ ራሱ የሚማር ከሆነ የሚቀረው የማሽኑ ጉልበት ብቻ ነው፤ ብዙ ጂፒዩ (የግራፊክስ ካርድ) የገዛ ይቀድማል፣ አቅም ያጣ ደግሞ የቀደሙት ሠርተው የሚሸጡለትን ይጠብቃል። እኔ ይህን ድምዳሜ አልቀበልም። የዲፕ ለርኒንግን ታላላቅ ድሎች ገልጦ ያየ ሰው ከሥራቸው ሌላ ነገር ያገኛል፤ ሰዎች ለዓመታት ሲለኩ፣ ሲጽፉና ሲያርሙ ያከማቹትን መዝገብ። ጉልበት ያስፈልጋል፤ ማን እንደሚያሸንፍና ማሽኑ የት ላይ እንደሚሰናከል የሚወስነው ግን መዝገቡ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተቃራኒውን ሐሳብ ደካማ መልክ መርጬ ብመታ ክርክር አይሆንም። ጠንካራውን መልክ የጻፉት በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ሰተን ናቸው። በ2019 ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ የሰባ ዓመቱ ምርምር ያስተማረው ትልቁ ነገር መራራ መሆኑን ይናገራሉ፤ ተመራማሪዎች የራሳቸውን ዕውቀት ደንብ አድርገው ማሽን ውስጥ ለማስገባት ሲደክሙ ኖረው፣ በመጨረሻ በኮምፒውተር ጉልበት የሚገፉ አጠቃላይ ዘዴዎች በልጠዋቸዋል። በቼስ፣ ጎ በተባለው የሰሌዳ ጨዋታ፣ ንግግርንና ምስልን በመለየት የሆነው ይኸው ነው ይላሉ። ሰተን በኮምፒውተር ሳይንስ የሚሰጠውን የቱሪንግን ሽልማት ከአንድሩ ባርቶ ጋር የተጋሩ ሰው ናቸውና ቃላቸው ይከብዳል። በአንድ ነገርም ትክክል ናቸው፤ በእጅ የተጻፈ ደንብ ተሸንፏል። የአማርኛን የግስ ርባታ በደንብ ላይ ደንብ እየደረበ ለኮምፒውተር ሊያስረዳ የሞከረ ሁሉ ይህን ሳይወድ ይመሰክራል። ስሕተቱ ያለው አንባቢዎቻቸው ከዚያ ተነሥተው በዘለሉት ዝላይ ላይ ነው። ደንቡ ከወጣ ሰውም ወጣ አሉ። ሰው ግን ከደንብ ጸሐፊነት ወደ መዝገብ ጸሐፊነት ተዛወረ እንጂ የትም አልሄደም፤ እንዲያውም ሥራው በዛበት።

ሁሉም ከሚያውቀው ልጀምር። በ2012 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሂንተን ከሁለት ተማሪዎቻቸው፣ ከአሌክስ ክሪዠቭስኪና ከኢልያ ሱትስኬቨር ጋር ያቀረቡት አሌክስኔት፣ ኢሜጅኔት በተባለው የምስል መለየት ውድድር ስሕተቱን ወደ 15.3 በመቶ አወረደ። ሁለተኛ የወጣው 26.2 በመቶ ነበር። ይህ ታሪክ ሲተረክ የሚወደሱት ለቪዲዮ ጌም የሚሸጡት ሁለት የግራፊክስ ካርዶች ናቸው። ዘዴው ራሱ ግን አዲስ አልነበረም፤ ያን ላኩን በቤል ላብስ ሳሉ በ1989 በፖስታ ላይ በእጅ የተጻፉ ቁጥሮችን በዚያው ዓይነት ዘዴ አስነብበዋል። ታዲያ በመካከሉ ያለፉት ሃያ ሦስት ዓመታት ምን ጎድሏቸው ነበር? ጉልበት፣ እሺ። ሌላው የጎደለው ግን በውድድሩ ስም ላይ ተጽፎ ሳለ ማንም አያነበውም። ኢሜጅኔት የመዝገብ ስም ነው። ፌይ-ፌይ ሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2007 የጀመሩት ይህ መዝገብ ከ14 ሚሊዮን በላይ ምስሎችን የያዘ ሲሆን፣ በ167 አገሮች ያሉ 49 ሺህ ያህል ሰዎች በኢንተርኔት በኩል ጥቂት ሳንቲም እየተከፈላቸው፣ በምስሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እያዩ ለይተውታል። ያኔ ክብር የነበረው አዲስ ስልተ ቀመር ለሚፈጥር ነበር፤ ሥዕል ሰብስቦ ስም መለጠፍ ለተመራማሪ የሚመጥን ሥራ አይመስልም ነበር። መዝገቡ ሲያሸንፍም ክብሩ ወደ ካርዱ ሄደ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ምስክር ግን ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ከአሚኖ አሲዶች የተሰካካ ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ተጠቅልሎ የሚይዘውን ቅርጽ ማወቅ ለበሽታና ለመድኃኒት ጥናት እጅግ ያስፈልጋል። ዲፕማይንድ የተባለው የጉግል ድርጅት በ2020 መጨረሻ ያቀረበው አልፋፎልድ 2 ይህን ቅርጽ ከሰንሰለቱ ተነሥቶ በላብራቶሪ ከሚገኘው ጋር በሚቀራረብ ጥራት ይተነብይ ጀመር። በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖች የተተነበየ ቅርጽ ለዓለም ተለቀቀ። በ2024 ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር ከዴቪድ ቤከር ጋር የኬሚስትሪን ኖቤል ተቀበሉ። ይገባቸዋል። ዜናው የተሠራጨው ግን ሳይንቲስቶች ግማሽ ምዕት ዓመት ያቃታቸውን ማሽን ፈታው በሚል መንፈስ ነበር፤ የማልስማማው ከዚህ ጋር ነው።

ጉልበቱን እንመርምር። አልፋፎልድ 2 የሠለጠነው በ128 የማቀነባበሪያ ኮሮች ላይ ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ድርጅቱ ራሱ በዘመኑ ልክ መጠነኛ ብሎታል። አሁን ደግሞ መዝገቡን እንመርምር። ጆን ኬንድሩ በካምብሪጅ የመጀመሪያውን የፕሮቲን ቅርጽ፣ ከዓሣ ነባሪ ጡንቻ የተገኘውን ማዮግሎቢን፣ በኤክስሬይ ያወጡት ከአሥር ዓመት በላይ ለፍተው በ1958 ነው። በ1971 የፕሮቲን ቅርጾች የጋራ መዝገብ ሲከፈት በውስጡ የነበሩት ሰባት ቅርጾች ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ፕሮቲኑን እያጠሩ፣ ክሪስታል እስኪሆን ወራት እየጠበቁ፣ ኤክስሬይ እያነሡ፣ ያገኙትን በአንድ ወጥ አጻጻፍ አስገቡ። የሳይንስ ጆርናሎችም ቅርጹን መዝገቡ ውስጥ ያላስገባ ጽሑፉን አናወጣለትም አሉ። በዚህ ዓይነት በ2020 መዝገቡ 170 ሺህ ገደማ ደረሰ፤ ለማንም ክፍት ነው። የመዝገቡ ጠባቂዎች አንዱን ቅርጽ እንደገና ለመሥራት በአማካይ 100 ሺህ ዶላር ያህል ይገምታሉ። በ170 ሺህ ያባዛ ሰው የአልፋፎልድ እውነተኛ ወጪ የት እንደተከፈለ ያገኘዋል፤ የከፈለውም በአብዛኛው ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው።

በዚህ ላይ ፈተናው አለ። ከ1994 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ጆን ሞልትና ባልደረቦቻቸው በላብራቶሪ የተገኙ፣ ግን ገና ያልታተሙ ቅርጾችን ደብቀው ተወዳዳሪዎችን ያስተነብያሉ። ማንም መልሱን አስቀድሞ ሊያይ አይችልም። ያ ፈተና ባይኖር ኖሮ አልፋፎልድ መሥራቱን ማን ያውቅ ነበር? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተወዳዳሪው ሁሉ ስሕተቱን እየተነገረው የኖረበት መስክ ነው።

ክርክሬን የሚያጠነክረው ግን ያልተሳካው ወገን ነው። በሕይወት ሳይንስ ውስጥ ከፕሮቲን ቅርጽ የማይተናነሱ ጥያቄዎች አሉ። አንድ እጩ መድኃኒት በሰው ጉበት ላይ መርዝ ይሆን እንደሆነ አስቀድሞ መናገር አንዱ ነው፤ የመድኃኒት ኩባንያዎች በዚህ ጥያቄ ገንዘብ እንደ ውኃ ያፈሳሉ። ጂፒዩው ለዚህም ያው ነው፤ ገንዘቡም ሞልቷል። የፕሮቲኑን ዓይነት ክፍት፣ ወጥና የታረመ መዝገብ ግን የለም፤ የከሸፉ ሙከራዎች ውጤት በየኩባንያው ካዝና ተቆልፎበታል። ለዚህ ጥያቄ አልፋፎልድን የሚያህል መልስ እስከ ዛሬ አልመጣም። ጉልበት ወሳኝ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ከየት ይመጣ ነበር?

የአየር ትንበያን በአጭሩ ልለፈው፤ ነገሩ ያው ነውና። ግራፍካስት የተባለው የዲፕማይንድ ሞዴል በ2023 የአሥር ቀን ትንበያ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማውጣቱ፣ በአብዛኞቹ መለኪያዎችም የአውሮፓን የአየር ትንበያ ማዕከል ዋና ሥርዓት መብለጡ እውነት ነው። የተማረው ግን ከ1979 እስከ 2017 ካለው የዚያው የአውሮፓ ማዕከል መዝገብ ነው። መዝገቡ የተሠራው የጣቢያ፣ የመርከብ፣ የባሉንና የሳተላይት ንባቦች ከፊዚክስ ስሌት ጋር ተዋሕደው ነው። ትንበያውን በጀመረ ቁጥርም የዛሬውን ሰማይ ሁኔታ የሚቀበለው ከእነዚያው ለኪዎች ነው። በልጧቸዋል የተባሉት ሰዎች አስተማሪዎቹም ቀላቢዎቹም ናቸው።

ሕክምናው ዘንድ ስንደርስ የዚህ አመለካከት ጉዳት ከወሬ ያልፋል። ሂንተን በ2016 ራዲዮሎጂስት ማሠልጠን ከአሁኑ ይቁም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ዲፕ ለርኒንግ ይበልጣቸዋል ብለው ነበር። አምስቱም ዓመት አለፈ፣ ከዚያም በላይ አለፈ፤ ብዙ አገሮች ዛሬም ራዲዮሎጂስት አጠረን ይላሉ። በዚያው በ2016 የጉግል ተመራማሪዎች ስኳር በሽታ በዓይን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚለይ ሞዴል አወጡ፤ በጣምም ጥሩ ነበር። ጥሩ የሆነበትን ምክንያት ጽሑፋቸው ላይ አስፍረውታል። 128,175 የዓይን ምስሎችን 54 የዓይን ሐኪሞች እየተቀባበሉ፣ እያንዳንዱን ምስል ከሦስት እስከ ሰባት ጊዜ መርምረው ደረጃ ሰጥተውታል። ቀጥሎ ይኸው ሥርዓት ታይላንድ ወዳሉ 11 ክሊኒኮች ሄደ። እዚያ ነርሶች ምስሉን የሚያነሡት ብርሃኑ በማይመች ክፍል ውስጥ፣ ሕመምተኛው ተሰልፎ በሚጠብቅበት ሁኔታ ነበር። ማሽኑ ከምስሎቹ ከአምስት አንዱን ያህል አይነበብም ብሎ መለሰ፤ ኢንተርኔቱም ይንቀራፈፍ ነበር። ይህን ያጠኑትና በ2020 ያሳተሙት የጉግል ሰዎች ራሳቸው ናቸውና ሊመሰገኑ ይገባል። እንግዲህ ሌላ ሺህ ጂፒዩ ቢጨመር ያ ክፍል ይበራ ነበር? መዝገቡ ውስጥ ያልገባ ክፍል ለማሽኑ የለም። በስዊድን ከ80 ሺህ በላይ ሴቶች በተሳተፉበት የጡት ካንሰር ምርመራ ሙከራ ግን በማሽን እገዛ የሐኪሞቹ የንባብ ሥራ በ44 በመቶ ሲቀንስ የተገኘው ካንሰር አልቀነሰም። ስዊድን ዘመናትን የተሻገረ የማሞግራም መርሐ ግብር፣ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ሐኪም የሚያይበት ልማድ ያላት አገር ናት። ማሽኑ የገባው በዚያ ሥርዓት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቻትጂፒቲን ያነሣብኛል፤ እሱኮ ማንም ሳይለጥፍለት ከኢንተርኔት ጽሑፍ ራሱን አስተማረ ይለኛል። ጽሑፉንስ ማን ጻፈው? ይህን ልተወውና በሜዳው ልግጠም። በ2022 የዲፕማይንድ ተመራማሪዎች እኩል የኮምፒውተር ጉልበት ለሁለት ሞዴሎች ሰጡ። አንዱ 280 ቢሊዮን ፓራሜትር (በሥልጠና የሚስተካከል ቁጥር) ያለው ጎፈር፣ ሌላው 70 ቢሊዮን ብቻ ያለው፣ ግን ከአራት እጥፍ በላይ ጽሑፍ ያነበበው ቺንቺላ ነው። ትንሹ በለጠ። ድስቱን ማስፋት ሽሮውን አያበዛውም። በዚያው ዓመት ኦፕንኤአይ ሌላ ውጤት አሳተመ። 40 ያህል ተቀጣሪዎች ጥሩ መልስ ምን እንደሚመስል ጽፈውና መልሶችን አወዳድረው ያረሙት 1.3 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው ሞዴል፣ በገምጋሚዎች ዓይን ካልታረመው ባለ 175 ቢሊዮኑ ጂፒቲ-3 ተመረጠ። ከመቶ እጥፍ በላይ የሚሆን የመጠን ልዩነት በአርባ ሰው ብዕር ተካካሰ ማለት ነው። ቻትጂፒቲ የመጣው ከዚያ መንገድ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ደግሞ፣ ታይም መጽሔት በ2023 መጀመሪያ እንደዘገበው፣ ማሽኑ ጸያፍና አሰቃቂ ነገር እንዳይናገር ለማስተማር ሠራተኞች በሰዓት ከ2 ዶላር ባነሰ ክፍያ ያንኑ ጸያፍና አሰቃቂ ጽሑፍ ሲያነቡ ይውሉ ነበር። «ራሱ ተማረ» የሚለው አነጋገር ለማን እንደሚመች እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ራሱ የተማረ ማሽን የደመወዝ ጠያቂ የለውም።

አንድ እውነተኛ ፈተና አለብኝ፤ አልሸሸውም። አልፋዜሮ የተባለው ሞዴል በ2017 ቼስንና ጎን የተማረው አንድም የሰው ጨዋታ ሳያይ፣ ከራሱ ጋር እየተጫወተ ነው። ሰሞኑን በሒሳብና በፕሮግራም ጽሕፈት የሚያስደንቁት ሞዴሎችም በከፊል በዚህ መንገድ ሠልጥነዋል። ይህ ግን የሚሠራው ዳኛው ሕጉ ራሱ በሆነበት ቦታ ነው። በቼስ ማን እንዳሸነፈ የጨዋታው ሕግ ይናገራል፤ ፕሮግራሙ መሥራቱን ኮምፒውተሩ አስኬዶ ያያል። የአንድ ሕፃን ትኩሳት የወባ ይሁን የሳንባ ምች፣ የዘንድሮ በልግ ይዘግይ አይዘግይ፣ አንድ ትርጉም የተናጋሪውን ሐሳብ ያድርስ አያድርስ የሚፈርድ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። እዚያ ዳኛው ተለክቶ የተጻፈው ነገር ነው። ካልተጻፈ ማሽኑ ከራሱ ጋር ቢጫወት የሚያተርፈው የራሱን ስሕተት ማጥናት ነው፤ ሞዴሎች በሞዴሎች ጽሑፍ ላይ ብቻ ደጋግመው ሲሠለጥኑ እየዘቀጡ እንደሚሄዱ በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት አሳይቷል።

ይህ ክርክር ለአማርኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአማርኛ የቋንቋ ቴክኖሎጂ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው አንድ መዝገብ አለ። የዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከል 1,065 ዜናዎች፣ 210 ሺህ ያህል ቃላት፣ እያንዳንዱ ቃል ስም ነው፣ ግስ ነው፣ ቅጽል ነው እየተባለ በሰው የተለየበት ነው። ግርማ አውግቸው ደመቀና መስፍን ጌታቸው ስለ ሥራው በ2006 ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው የአማርኛን የቃል ክፍል ለመለየት የተጻፉ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ብዙዎቹ በዚህ መዝገብ ላይ ቆመዋል። ስልተ ቀመራቸው በየጊዜው ተለዋውጧል፤ መዝገቡ አልተለወጠም። ለንግግርም እንዲሁ ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቻቸው በ2005 ያቀረቡት፣ 100 ያህል ሰዎች ያነበቡት የ20 ሰዓት ድምፅ ለረጅም ጊዜ ዋና መተማመኛ ሆኖ ቆይቷል። ኦፕንኤአይ በ2022 የለቀቀው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር የሠለጠነበት ድምፅ 680 ሺህ ሰዓት መሆኑን ከዚህ ጎን ስናስቀምጥ፣ ማሽኑ አማርኛ ሲሰማ ለምን እንደሚደናገር ምስጢር አይሆንም።

ግን ተቃራኒውም ታይቷል። አስመላሽ ተካ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት ልሳን የተባለ አነስተኛ ድርጅት ለአማርኛና ለትግርኛ የትርጉም ሥርዓት ሲሠራ የጀመረው ኢንተርኔት ላይ የሌለውን የታተመ ጽሑፍ በስካነር እያስገባ፣ ፊደል አንባቢ ሶፍትዌር እየሠራ፣ ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች እንዲያርሙት እያደረገ ነው። በ2021 ባወጡት ጥናት ሰዎች መዝነው ባወዳደሩት መሠረት በተፈተኑት ስድስት የቋንቋ አቅጣጫዎች ሁሉ ከጉግልና ከማይክሮሶፍት ትርጉም በልጧል። ጥናቱ የራሳቸው መሆኑ ልብ ይባል፤ ቢሆንም ጉልበት ብቻ የሚወስን ቢሆን ኖሮ ይህ ውድድር ሳይጀመር ማለቅ ነበረበት።

እንግዲህ አገር ውስጥ የሚሰማው ዕቅድ ለምን እንደሚያሳስበኝ ግልጽ ይመስለኛል። ስለ ዳታ ማዕከልና ስለ ጂፒዩ ብዙ ይወራል። ስለ መዝገቡስ? ከ1941 ጀምሮ የታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ስንት ሚሊዮን ቃል ይወጣዋል? የራዲዮ ጣቢያዎቻችን የድሮ የቴፕ ክሮች ውስጥ የስንት ክፍለ አገር አነጋገር አለ? በየገጠሩ ጠዋት ጠዋት የዝናብ መለኪያውን አይቶ ቁጥር የሚጽፈው ሰው አበሉ ስንት ነው? ቱፋ ዲንኩ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ከኢትዮጵያ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር የሳተላይትን መረጃ ከምድር ጣቢያዎች ንባብ ጋር አዋሕደው ጥሩ የዝናብ መዝገብ መሥራት የቻሉት ያ ሰው ስለጻፈ ነው። ሆስፒታል ሄዶ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት የቆመ ሰው ደግሞ የሌላውን መዝገብ ሁኔታ ያውቀዋል። ካርዱ ይጠፋል፤ ሲጠፋ አዲስ ይከፈታል፤ የትናንቱ ምርመራ ከዛሬው ጋር አይገናኝም። በዚህ ካርድ ላይ የሚሠለጥን ማሽን ምን ሊማር ነው? የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ግን በየትኛውም የሰው ሠራሽ አስተውሎት መድረክ ላይ ተጠርታ አላየኋትም።

በዚህ ላይ የባለቤትነት ጉዳይ አለ፤ ከሁሉም የሚያስቸኩለው እሱ ነው። በ2015 አንድ የለንደን የሆስፒታሎች ተቋም የ1.6 ሚሊዮን ሕመምተኞችን መዝገብ ለዲፕማይንድ አሳልፎ ሰጠ። የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር በ2017 አሰጣጡ የመረጃ ጥበቃ ሕግን የጣሰ ነው ብለው ወሰኑ። ያ የሆነው ጠንካራ ሕግና ነቃ ያለ ጋዜጣ ባለበት አገር ነው። ኢትዮጵያም በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፤ ሰነዱ የግለሰቡን መብት የሚያስከብር ነው። ሆስፒታሉ፣ የሜትሮሎጂ ጣቢያው፣ ማኅደር ቤቱ ለዓመታት ስለደከሙበት መዝገብ በምላሹ ምን ያገኛሉ የሚለው ግን በየውሉ ላይ የሚወሰን ጉዳይ ነው። የሠለጠነው ሞዴል ለሰጪው ይመለሳል ወይስ በዋጋ ይሸጥለታል? መዝገቡ ሌላ ቦታ ይገለበጣል ወይስ እዚሁ ሆኖ ይጠናበታል? እነዚህን የሚጠይቀው መዝገቡ ዋጋ እንዳለው የሚያምን ፈራሚ ነው። ማሽኑ ራሱ ይማራል ብሎ የሚያምነው ግን ኤክስሬዩን በነፃ አስረክቦ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያው ኤክስሬይ የተማረውን ሶፍትዌር በዶላር ለመግዛት ጨረታ ያወጣል።